ከካምቤል የተገዛው ድንጋይ

የእህቴ ልጅ ዓባይነህ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጃፌ ላይ ሲደፋ፣ ልቤ ቀድሞኝ ይቅር አለው። አፌማ ገና ይሳደብ ነበር።

ፍርድ ቤት ያቆምኩት እኔው ነኝ። ሃያ ሁለት ሰዎች አዋጥተን ፈንድ አቋቁመን ነበር፤ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ ሕንጻ ገዝተን ልናከራይ። ገሚሱ ታክሲ ነጂ፣ ገሚሱ እንደ እኔ የሆቴል አልጋ አንጣፊ። አብዛኛው የገባው «የወርቅውሃ ካለች» እያለ፣ በእኔ ቃል ነው። ኃላፊው ዓባይነህ ሆነ፤ ኮሌጅ የጨረሰ እሱ ብቻ ነዋ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሕንጻም የለ፣ ወረቀትም የለ። ስንጠይቀው «ኢንቨስትመንት ትዕግሥት ይፈልጋል» ይለናል። እኔ ትዕግሥቴን ሱዳን በረሃ ላይ ጨርሼ ነው የመጣሁት። ሎየር ይዤ ከሰስኩት። የሳን ሆዜው ዳኛ ክርክሩ እስኪያልቅ የፈንዱን አካውንት ፍሪዝ አደረጉት፤ አንዲት ሳንቲም ንቅንቅ እንዳትል።

ሎየሩ በልጄ በፀዳለ አስተርጓሚነት አጥብቆ ነገረኝ። «እገዳው የወጣው በእርስዎ ጥያቄ ነው፤ ይነሣ ካሉ ይነሣል። ማንም ወረቀት ቢያመጣ እንዳይፈርሙ።»

«ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ሞኝ አይደለሁም በዪው» አልኳት።

ሞኝስ ነበርኩ።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ዓባይነህን ይዘው መጡ። ከፊት አቶ ተክለጻድቅ፣ የኤል ሴሪቶ ከተማ ነዋሪው፤ በማኅበራችን ቃላቸው የማይታጠፍ፣ እንደ እኛው የፈንዱ ባለሼር። ተቀመጡ ብል እምቢ አሉ።

«እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም፣ እመት የወርቅውሃ።»

«እንግዲያው ቆማችሁ ዋሉ። የወለሉ ኪራይ ተከፍሏል።»

«የእህትዎን ልጅ ፈረንጅ ዳኛ ፊት ማቆም ነውር ነው» አሉ አቶ ተክለጻድቅ። «ገንዘቡን ለሁላችን ሊያከፋፍል ቃል ገብቷል፤ እኔ ዋስ ነኝ። አካውንቱ ታስሮ ግን በምን እጁ ያከፋፍል?»

ዓባይነህ ከነድንጋዩ «እቴቴ» አለኝ። ሱዳን ወባ ጥሎት ውሃ በማንኪያ ሳጠጣው እንዲህ ነበር የሚጠራኝ።

ፀዳለ ከጓዳ «ማሚ፣ ዶንት ሳይን!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌ ፊት አትጩሂ ብዬ ገሠጽኳት። «እገዳው ይነሣ» ብለው ጽፈው ይዘውት በመጡት ወረቀት ላይ የመስቀል ምልክቴን አደረግሁ። ድንጋዩን ራሴ ከአንገቱ አውርጄ ግንባሩን ሳምኩት።

ረቡዕ እገዳው ተነሣ። ዓርብ አካውንቱ ባዶ፣ ዓባይነህም የለ። ቤቱ በር ላይ «ይከራያል» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል።

በሳምንቱ ሎየሩ ከባንክ ያስወጣውን ወረቀት ፀዳለ አነበበችልኝ። እገዳው በተነሣ በሰዓቱ የተጻፈው የመጀመሪያው ቼክ ለአቶ ተክለጻድቅ ነው፤ ሙሉ ድርሻቸው፣ ከነትርፉ። የሌሎቻችን ገንዘብ ግን ቴክሳስ ተልኮ፣ ከዚያ ወዴት እንደገባ አይታወቅም።

ቤት ስገባ ድንጋዩ በሩ ጥግ ተቀምጧል። አነሣሁት። ከሥሩ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል።

«ምን ይላል?»

«የካምቤል ከተማ የአበባና የጓሮ ዕቃ መሸጫ ነው፣ ማሚ። ዋጋው… ቱ ናይንቲ ናይን።»

ሦስት ዶላር እንኳ አልሞላሁም።

ድንጋዩን በዘንቢል ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አቶ ተክለጻድቅ ራሳቸው ከፈቱልኝ።

«እመት የወርቅውሃ! ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ።»

«እሺታዎን ሳልሰማ አልቀመጥም። ዳኛው ፊት ቀርበው፣ ዓባይነህ ገብቷል ያሉኝን ቃል ይመስክሩልን።»

መሬት መሬት አዩ። «እኔ የወሰድኩት ድርሻዬን ነው። የሰው አልነካሁም።»

«ዋስ ነኝ ያሉትስ?»

«እሱማ… የሽምግልና ወግ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎንም እከሳለሁ።»

«ሽማግሌ ይከሰሳል እንዴ?!»

«ሽማግሌስ አይከሰስም። ከሌላው ተደብቆ ቀድሞ የተከፈለው ባለሼር ግን ይከሰሳል፤ ሎየሩን ጠይቄ ነው የመጣሁት። የእርስዎም አካውንት ይታሰርልን ብለን እናመለክታለን። ያን ጊዜ ሽማግሌ ይላኩብኝ፤ ደግሞ እፈርምልዎታለሁ!»

ድንጋዩን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት።

«ይሄንንም ይመልሱት። ዋጋው አልተላጠም፤ ሱቁ ገንዘቡን ይመልስልዎታል። በማን ገንዘብ እንደተገዛ ግን እናውቃለን።»

በሩን ሲዘጉ ሰማሁ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ቆሜ፣ የዓባይነህን ግንባር የሳምኩበትን ከንፈሬን በነጠላዬ ጠረግሁት። አንዴ አልበቃኝም።