ዝቅ የምትለው ሦስተኛዋ ድምፅ

ባለቤቴ ፒያኖ የሚቃኝ ባለሙያ ነው። አርባ ዓመት የሰው ፒያኖ ሲቃኝ ኖሮ፣ ሥራው ሲቀንስለት ጆሮውን በጓሯችን ለምትኖር አንዲት አመድማ ወፍ ሰጣት። ወፏ ከአጥሩ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ስለምትጮህ እምብዛም አትታይም። እሱ ግን በየማለዳው ከጓሮው በር አጠገብ ተቀምጦ፣ የጮኸችበትን ሰዓት በደብተር ይመዘግባል።

«ሦስት ጊዜ ስትጮህ፣ ሦስተኛዋ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ትላለች» ይለኛል።

«ታዲያ ያዛትና ቃኛታ!» እለዋለሁ።

ባለፈው ሰኞ ደብተሩ ላይ «አልመጣችም» ብሎ ጻፈ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ። ጥፋቱን በጎረቤት ድመት ላይ ጣለ፤ ባያት ቁጥር «አንቺ ነፍሰ ገዳይ!» ይላታል። ድመቷ ዞር ብላም አላየችው።

ወፏ ግን አልቀረችም። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በየማለዳው እሰማታለሁ። በአስተርጓሚነት ብዙ አገር ዞሬ፣ በብዙ ቋንቋ ክፉ ወሬ አድርሻለሁ፤ ይህን ግን በአፍ መፍቻዬ መናገር አቃተኝ። ቅዳሜ ደግሞ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱን ትልቅ ፒያኖ ሊቃኝ ቃል ገብቷል። ዝም ብል በተማሪዎች ፊት ሊዋረድብኝ ነው።

ዓርብ ጠዋት ልነግረው ቆርጬ አጠገቡ ተቀመጥሁ። አፌን ሳልከፍት ወፏ ወጥታ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አረፈች። ምንቃሯ ተከፈተ፤ ጉሮሮዋ ተርገበገበ። ባለቤቴ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እየጮኸች ነው?»

«አዎ።»

«ትናንትስ?»

«አንድም ቀን አልቀረችም፣ የኔ ጌታ።»

እርሳሱን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ያቺን ድመት ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ» አለ። ልስቅ ብዬ አልሆነልኝም።

ተነሥቶ ለትምህርት ቤቱ ደወለ። «ሌላ ሰው ፈልጉ፤ ቀጭኑን ድምፅ ጆሮዬ መስማት ትቷል» አላቸው። ተመልሶ ተቀመጠና እርሳሱን አነሣ።

«ሦስተኛዋ ዛሬም ዝቅ ትላለች?»

«እኔ መቼ ለይቼ አውቃለሁ? እስቲ አሳየኝ።»

ለራሱ በሚሰማው ወፍራም ፉጨት አፏጨልኝ፤ ሁለቱን ልክ፣ ሦስተኛዋን ዝቅ አድርጎ። ወፏ ከገመዱ ላይ መለሰችለት። በዚህ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ለየኋት፤ እውነትም ዝቅ ትላለች። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ሰዓቱን አየና ጻፈ።