አርባ አንድ ሰከንድ

ጉልበቷን የሚያማት ሴት ከወለል ስትነሳ መጀመሪያ በምኗ እንደምትደገፍ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ፕሮፌሰር ፒዮም አያውቁም፤ ልዩነቱ እሳቸው ሳያውቁ ተማሪ መጣላቸው ነው።

"ይህ ጥናት አይደለም" አሉ፣ ቡሳን ከተማ ውስጥ ባለ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ፣ ሠላሳ ተማሪ ፊት። "ቅንጥብጣቢ ፊልም ነው። ጽሑፉ የታለ?"

ተማሪዋ ማ ሄሪም ከማያ ገጹ አጠገብ ቆማለች። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዋ የሃያ ሁለት ደቂቃ የቪዲዮ ድርሰት ነው። በግራ በኩል፣ ከአንድ የድሮ ፊልም የተወሰደች ሴት በባሏ ሙት ዓመት ሰግዳ ከወለል ትነሳለች። በቀኝ ሄሪም ራሷ ያንኑ ትደግማለች። ሴትየዋ መዳፏን ወለሉ ላይ ታሳርፋለች፣ ትቆያለች፣ ትተነፍሳለች፣ እንደገና ትሞክራለች። አርባ አንድ ሰከንድ። ቃል የለም። ሄሪም ይህን መነሳት ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ከደጋገመችው በኋላ ነው መዳፉ ለምን እንደዘገየ የገባት፤ ሴትየዋ መነሳት አቅቷት ሳይሆን መነሳት ስላልፈለገች ነው። ይህን የነገራት የገዛ ጭኗ ነው፤ መጽሐፍ አይደለም።

"ሴትየዋ ብድግ ትላለች፣ አለቀ" አሉ ፒዮ። "ምኑ ነው የሚጠናው?"

"ብድግ?" ሄሪም ደነገጠች። "ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ የት ሆነው ነው ያዩት?"

"ባቡር ላይ። በእጥፍ ፍጥነት፣ ድምፁን ዘግቼ። ምነው፣ ዛሬ በመደበኛው ፍጥነት የሚያይ አለ እንዴ?"

አዳራሹ ሳቀ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያየው፤ ድራማውንም፣ ዜናውንም፣ ትምህርቱንም።

ጓደኛዋ ሶልቢ ከኋላ አንሾካሾከች፦ "አንቺ፣ ጎንበስ በይና ይቅርታ ጠይቂ! ሰማንያ ገጽ ጽፈሽ ትገላገያለሽ።"

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ቾን ሰዓታቸውን አዩ። "ሄሪም፣ ልጄ፣ ይሄን ቢሮ ገብተን እንጨርሰው። ምሳም ደርሷል።"

ቢሮ! ስንት ሥራ ነው እዚያ በር ተዘግቶበት የተቀበረው? ሄሪም ነገሩ ገብቷታል፦ ገብታ ካጎነበሰች በነሐሴ ትመረቃለች፤ እምቢ ካለች ላትመረቅ ትችላለች። ወገቧ በልማድ መታጠፍ ጀምሮ ነበር። ቀና አለች።

"ቢሮ አልገባም፣ ዶክተር።" ማይክሮፎኑን ከማቆሚያው ነቅላ ወደ ፒዮ ዘረጋችው። "ፕሮፌሰር፣ ሥራዬ በሙሉ ስለዚያ ዝግታ ነው። የጣሉት ያላዩትን ነው። በምን መብት? እዚሁ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱልኝ!"