የተሻረችው ጎል

የቴሌቪዥን ነገር ሲነሳ ሰውየው ደሙ ይፈላል። ከኋላው ሆዱ የተነፋው አሮጌ ቴሌቪዥኑ ዜናውንም ኳሱንም እያሳየው፣ ሰፈሩ በሙሉ በር የሚያህል ፍላት እየገዛ ግድግዳ ላይ መስቀሉ አንጀቱን ያሳርረዋል። የመጨረሻ ልጁ "አባዬ፣ ኤችዲ እንግዛ" ባለችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

"ዛሬ ኤችዲ ይሉሻል። ለከርሞ ሌላ ስም ያወጡለትና ይሄንን ጣይው ይሉሻል። እኔ የማንም መጫወቻ አይደለሁም።"

ጡረታ ከመውጣቱ በፊት በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ከሚያልፈው ጨርቅ አንዲት የተበጠሰች ክር አታመልጠውም። እሁድ እሁድ ደግሞ የመስመር ዳኛ ነበር፤ ከዘመድ ያቆራረጠው ጠብም የመጣው በዚያ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በፋብሪካዎች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የገባችውን ጎል "ኦፍሳይድ ነው" ብሎ ባንዲራውን ሰቀለባት። ጎሏን ያገባው አጥቂ የገዛ ሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር። የትልቅ ክለብ ሰው አጥቂውን ሊመለምል መጥቶ ከትሪቡን ተቀምጦ ነበር። ጎሏ ተሻረች፣ ቡድኑ ተሸነፈ፣ የክለቡ ሰው የሌላውን ቡድን በረኛ ወስዶ ሄደ። አጥቂው ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር ተኝቶ ብሎን ያጠብቃል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሚስት ወንድሟን ለማየት ብቻዋን ትሄዳለች። ትልቋ ልጅ ስትዳር እንኳ አጎቷ ስጦታውን ደጅ ላይ ሰጥቶ ነው የተመለሰው። ባልየው ግን አንዲት ስንዝር ፈቀቅ አላለም። "ኦፍሳይድ ካልነበረ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ይላል። የጨዋታው የቪዲዮ ካሴት እጁ ላይ አለ፤ ነገር ግን በዚያች ትንሽ መስኮት ኳሷም ተጫዋቹም አንድ ላይ ይሟሟሉና ማንንም አያሳምንም።

አንድ ቀን ፀጉሩን ሊስተካከል ፀጉር ቤት ገብቶ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ፍላት ቴሌቪዥን ኳስ አየ። የሣሩ ቅጠል ይቆጠራል። የበረኛው ላብ ከአገጩ ሲንጠባጠብ ይታያል። ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ እንደቀረ ብድግ ሊል ምንም አልቀረውም። የሚስቴን ወንድም በዚህ ካሳየሁትማ አፉን አስይዘዋለሁ፣ ብሎ አሰበ።

ልጅቱ ልታስረዳው ሞከረች። ካሴቱ የቀረጸው የቀረጸውን ነው፣ አዲስ ቴሌቪዥን የሌለውን አይጨምርም አለችው። ሚስቱም "አንተ ሰው፣ ይቅርብህ" አለችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አላቸው። ዓመታት እምቢ ያለውን ዕቃ በአንድ ሳምንት እልህ ገዛው፤ ካሴቱንም ወደ ፍላሽ አስገለበጠ። ከዚያም ሚስቱን "ሂጂና ወንድምሽን አምጪው፤ በዓይኑ አይቶ ይፈር" ብሎ ላካት።

እሁድ ከሰዓት አጥቂው መጣ። ከጥፍሩ ሥር ግራሶ አለ፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ወዲያው ሊነሳ እንደፈለገ ሰው፣ ተቀመጠ። ልጅቱ ፍላሹን ሰካችና ምስሉ ወጣ። "ዳር ዳሩም ይታያል" አለች፤ "አሮጌው እየቆረጠ ያስቀረው ነበር።"

ልጅቱ እንዳለችው ሆነ። ኳሷ እዚያችው ጭጋግ ውስጥ ናት፤ ጭጋጉ ብቻ ሰፋ። አንዴ አዩት፣ ደገሙት፣ ሠለሱት። አጥቂው ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

"ጋሼ፣ ምንም አይታይም" አለ። "ምናልባትም ልክ ነበርክ። እኔ ራሴ ደክሞኛል። ይብቃን።"

ሚስቱ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ባልየው ግን አላያትም። ሦስቱም ኳሷን ሲያዩ እሱ የሚያየው የምስሉን ጥግ ነበር። እዚያ፣ አሮጌው ቴሌቪዥን ሲቆርጠው በኖረው ዳር፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ቆሟል። ባንዲራው ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ከአጥሩ ማዶ ባለ ሰው ላይ ጣቱን ይቀስራል። ኳሷ ተመትታ አጥቂው እግር ሥር እስክትደርስ እየተሳደበ ነው። ጩኸቱን ሲሰማ ዞረ፤ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ባንዲራውን ያኔ አነሳ።

አስታወሰ። አንድ ተመልካች እናቱን ጠርቶ ሰድቦት ነበር። ማየት የነበረበትን ትቶ መልስ ሲሰጥ ነበር።

ሪሞቱ እጁ ላይ ነው። ማንም አላየም። ቢያጠፋው ነገሩ ተዘጋ፣ አማቹም ይቅር ብሎታል፣ ሚስቱም ወንድሟን አግኝታለች። ግን ይሄ በጋራዥ ያረጀ ሰው "ልክ ነበርክ" ሲለው በራሱ ላይ ነደደ። ተነስቶ ምስሉን ወደ ኋላ መለሰና ጥጉ ላይ ያለው ሰው ጀርባውን በሰጠበት አቆመው።

"ኳሷን ተዋት" አለ፣ ጣቱን የቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ ተክሎ። "ይሄን ጀርባውን የሰጠውን እይ። እኔ ነኝ። አላየሁም። ኦፍሳይድ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ያኔም አላውቅም ነበር።"

ሚስቱ "ሃያ ሁለት ዓመት" አለች። አጥቂው ጥጉን ትኩር ብሎ ተመለከተ። ይሄዳል ሲሉት ወደ ውስጥ ገፍቶ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ የመጣሁት ይቅር ልልህ ነበር" አለ። "አሁን ግን መጀመሪያ ልቆጣ።"

ተቆጣም። ጋራዥ ውስጥ ስላለቀው ጉልበቱ፣ ባልየው ስላልቆመበት የእናቱ ቀብር፣ ለብቻው ስላሳለፋቸው ዓመት በዓላት እያነሳ፣ ድምፁ እየሻከረ፣ ያጠራቀመውን ሁሉ አወረደበት። ባልየው የገዛ ሳሎኑ መሃል ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድም መልስ ሳይሰጥ እስከ መጨረሻው ሰማው።