የጠፍር ቋጠሮ

ሶድኖም ከፈረስ ወድቆ አያውቅም ነበር። ይህን ሃንጋይ ተራራ ሥር ያለ ሰው ሁሉ ይመሰክርለታል፤ ማንም ሳይጠይቀው ደግሞ እሱ ራሱ ይመሰክራል። የወደቀው ጎቢ በረሃ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ከጸርማ ድንኳን ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ እያየው ነው። ዳማ ፈረሱ ከተወለደ ጀምሮ ግመል አሽትቶ አያውቅም። ነፋሱ የአርባ ግመል ጠረን አምጥቶ አፍንጫው ላይ ሲደፋበት በኋላ እግሩ ቆመ፣ ዞረ፣ ጌታውን እንደ አሮጌ ስልቻ አራግፎ ወደመጣበት ፈረጠጠ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ አያ ሶድኖም» አለች አሮጊቷ ጸርማ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። «እኛ አገር እንግዳ ከፈረስ የሚወርደው በእግሩ ነው። በጀርባው ሲወርድ ያየሁት አንተን ነው።»

ልጇ ዳምባ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ሞተር ብስክሌቱ አዞረ። ያንጅማ አልሳቀችም። የአባቷን ካባ ከአቧራው አራገፈችና፣ ባርኔጣውን አንስታ አቀበለችው፤ ከዚያ ዳምባን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ሳቅ፣ ወንድሜ፣ አትታፈን» አለችው። «ያንተ ብስክሌት ሲጥልህ ደግሞ እኔ እስቃለሁ።»

ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ምላሷ ከዕድሜዋ ይበልጣል ይሏታል። ግን ያን ቀን ምላስ እንጂ ሌላ ሀብት አልነበራትም። ባለፈው የብርድ ወራት በረዶው በሣሩ ላይ እንደ ክዳን ረግቶ፣ የአባቷ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፈረሶች በሰኮናቸው ሲቧጥጡት ከርመው አለቁ። ፀሐይ ሲሞቅ የቀረው ይህ ዳማ ብቻ ነበር። ከብት ያለቀበት ሰው መሄጃው ይታወቃል፤ ከከተማው ዳር፣ የከሰል ጢስ እንደ ጉም ከማይነሣበት ኮረብታ ላይ ድንኳኑን ይተክላል። እዚያ ቢሄዱ አባቷ የሰው መጋዘን ሊጠብቅ፣ እሷ የሰው ወለል ልትወለውል ነው። ያንጅማ ያን ኮረብታ አንድ ጊዜ አይታው ነበር። ከዚያ ይልቅ ማንኛውም ነገር ይሻላት ነበር፤ ግመልም ቢሆን። የሟች እናቷ የአክስት ልጅ የሆነችውን ጸርማን ፈልጋ አባቷን ያመጣችው እሷ ነች።

ጸርማ ጨው የገባበትን የወተት ሻይ አቀረበችላቸውና ነገሩን ሳታድበሰብስ ተናገረች።

«ከአራት ቀን በኋላ ወደ ብርድ ወራት ሰፈሬ እነሣለሁ። ቤቴን የሚሸከሙት ሰባት ግመሎች ናቸው። ጉልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ ቅፍለቱን የሚመራልኝ እጅ እፈልጋለሁ። ሰባቱንም ደህና አድርጎ ላደረሰልኝ ሁለት እንስት የግመል ጥጆች እሰጣለሁ፤ ከጉድጓዴም ያጠጣል። ድንኳናችሁን ከድንኳኔ አጠገብ ትተክላላችሁ። ካልሆነ የከተማው መንገድ ያውና፣ ከጉብታው ጀርባ።»

«ግመል ላይ ነው የምወጣው?» አለ ሶድኖም። «እኔ ተንበርክኮ የሚጫን ነገር ላይ አልወጣም፣ እትዬ። ፈረስ ጌታውን የሚቀበለው ቆሞ ነው።»

«እውነትህን ነው። ቆሞ ይቀበልና ተጋድሞ ይሞታል። የኔዎቹ ብርዱን ተንበርክከው አሳለፉት።»

ሶድኖም ጽዋውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ጸርማም ከልክ ያለፈ ነገር እንደ ተናገረች ገባት፤ ይቅርታ ማለት ግን አልለመደባትም።

«እኔ እወጣለሁ» አለች ያንጅማ።

በማግስቱ ጸርማ ነጯን አስመጣችላት። ነጯ አሮጊቷ ራሷ ለአሥራ ስድስት ዓመት የተቀመጠችባት ግመል ናት። ከሁለቱ ሻኛዎቿ መሀል ኮርቻው ጠባብ ነበር። ያንጅማ በሰባት ዓመቷ ከመቶ ሕፃናት ጋር ጋልባ ያሸነፈች ልጅ ናትና ለመቀመጥማ የሚያስተምረኝ የለም ብላ ወጣች። ግመሏ የኋላ እግሯን አስቀድማ ብድግ ስትል ያንጅማ በግንባሯ ከፊተኛው ሻኛ ጋር ተላተመች። ዳምባ አሁን አልሳቀም፤ ስለ ብስክሌቱ የነገረችውን ያስታወሰ ይመስል ነበር። በጉልበቷ ጨመቀች፤ እንደ ፈረስ ጎን የሚሰማት ነገር የለም። ለማዞር ገመዱን ሳብ አደረገች። ነጯ የሰው የሚመስል ጩኸት ጮኸች፤ ወዲያው የጸርማ ዱላ የያንጅማን የእጅ አንጓ አገኘው።

«ልጓም አይደለም እሱ! ፈረስን በአፉ ነው የምትይዢው፤ አፍ ብረት ይችላል። ግመልን የምትይዢው በሥጋዋ ነው። ነይ ውረጂና እዪው።»

ከነጯ አፍንጫ ሥጋ መሀል የተጠረበች ቀጭን እንጨት ታልፋለች፤ ገመዱ የሚታሰረው ከእሷ ላይ ነው። ጸርማ ያንን ገመድ ከፊቷ ካለው ግመል ጭነት ጋር በሱፍ ክር፣ በአንድ ዙር፣ ሳብ ቢያደርጉት ወዲያው በሚፈታ ቋጠሮ አሰረችው። ከዚያ በሁለት ጣቷ ነካ አደረገችው፤ ተፈታ።

«እንዲህ ነው። ከደነገጠች ይፈታ። ትሂድ፤ ስትራብ ትመለሳለች። የተቀደደ አፍንጫ ግን አይመለስም። አፍንጫዋ የተቀደደ ግመል አትመራም፣ አትጫንም፣ ከእንግዲህ ሰው አታስጠጋም። ሥጋ ሆነች ማለት ነው።»

ሶድኖም ፈረሱን በአጭር አስሮ፣ ከነፋሱ ራቅ ብሎ ይህን ይሰማ ነበር። ምራቁን እንትፍ አለ። እሱ ባደገበት አገር፣ እንስሳ ያመለጠው ሰው ሜዳ ላይ በእግሩ ይቀራል፤ በብርድ ወራት ደግሞ በእግር መቅረት መሞት ነው። የላላ ቋጠሮ ከሌባ እጅ እኩል ይጠላል። ያንጅማን ገና በአራት ዓመቷ የጠፍር ቋጠሮ ያስተማራት እሱ ነው፤ ሁለት ዙር፣ በጥርስ የሚጠብቅ፣ በበረዶ የማይላላ።

«አሁን ይሄ ማሰር ነው?» አለ ለልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሄ ለማስታወሻ የሚታሰር ክር ነው።»

ያንጅማ ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ግን ለአባቷ ያልነገረችው ነገር ነበር፤ ግመሏን ወዳታለች። ከፈረስ ላይ ስትሆኚ ምድር ወደ አንቺ ትሮጣለች፤ ከነጯ ላይ ግን ምድር ቁጭ ብላ ትጠብቅሽ ነበር። ወገቧ ከውዝዋዜው ጋር መስማማት ጀምሮ ነበር። ነጯም ድምፅዋን ለይታ አንገቷን ትመልስላት ጀመር።

ጉዞው ተነሣ። ጸርማ በእርጋታ በምትሄድ ሌላ ግመል ፍየሎቹን ይዛ ቀደመች፤ ዳምባ በብስክሌቱ ያልተጫኑትን ግመሎች ይነዳል። ያንጅማ በመሪው ወንድ ግመል ላይ ሆና የተጫኑትን ስድስቱን አስከትላለች፤ የጸርማን የልብስ ሳጥን የተሸከመችው ነጯ ሦስተኛ ነበረች። ሶድኖም በዳማው ላይ፣ ጠረን በማይደርስበት ርቀት፣ ብቻውን ይከተላል።

ከቀትር በኋላ ዳምባ ከኋላ እየጮኸ መጣ።

«የሃንጋይ እመቤት! ሦስቱን ለማን ተውሻቸው? ለተኩላ ግብር እየከፈልሽ ነው?»

ዞር አለች። ከአራተኛዋ በኋላ ያለው ክር ተፈትቶ፣ የኋለኞቹ ሦስት ግመሎች ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ወደ ኋላ ቀርተው ቁጥቋጦ ይቆረጥማሉ። ፊቷ ጋለ። ጸርማ ተመልሳ መጥታ ክሩን አየችና፣

«መፈታት ስላለበት ተፈታ። ዞር ዞር እያልሽ እዪ እንጂ፣ ሌላ ጥፋት የለብሽም» አለቻት።

ለጸርማ ነገሩ ከዚህ አላለፈም። ሶድኖም ግን ያን ምሽት እራቱን በሙሉ አልጨረሰም። ልጁ፣ የእሱ ልጅ፣ ሦስት እንስሳ ጥላ ስትሄድ ሰው ሳቀባት።

በማግስቱ ጠዋት ያንጅማ ከጸርማ ጋር ድንኳኑን ስታጥፍ፣ አባቷ ከግመሎቹ መሀል ጎንበስ ቀና ሲል አየችው። እሱ ግመል አጠገብ በራሱ ፈቃድ ሲደርስ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ይልመድ፣ ብላ ደስ አላት። ልታየው ልትሄድ አሰበች፤ ጸርማ የምሰሶውን ጫፍ አስያዘቻትና ሳትሄድ ቀረች።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ነፋሱ ዞረ። ከኋላ ሲከተል የነበረው ሶድኖም በድንገት ከጠረኑ መሀል ገባ። ዳማው መጀመሪያ ቆመ። ሶድኖም ረገጠው። ከዚያ ፈረሱ ጭንቅላቱን ነጥቆ፣ ልጓሙን ነክሶ፣ እንደ ዕውር ወደ ፊት ተፈተለከ፤ ሊሸሻቸው የፈለጋቸውን ግመሎች መሀል ለመሀል ሰነጠቀ። ሁሉም በየአቅጣጫው ተበተኑ። የያንጅማ መሪ ግመል ወደ ግራ ዘለለ፤ ሁለተኛው ተከተለው። ነጯ ወደ ቀኝ ሸሸች። ያንጅማ ዞራ ክሩ እስኪፈታ ጠበቀች። አልተፈታም። ገመዱ ተወጠረ፣ ነጯ አንገቷን ወደ ሰማይ ዘረጋች፣ ከዚያ ያ ጩኸት መጣ።

ገመዱ ከነእንጨቱ አሸዋው ላይ ወደቀ። እንጨቱ ላይ ሥጋ ነበረበት። ነጯ ደረቷ በደም ተነክሮ ጉብታው ላይ ቆመች። ያንጅማ ወርዳ በስሟ እየጠራች ስትቀርባት ሸሸች፤ እንደገና ብትቀርባት እንደገና ሸሸች።

ጸርማ ስትደርስ አልጮኸችም። ገመዱን አነሣች። ጫፉ ላይ የሱፍ ክር አልነበረም፤ ከፈረስ ልጓም የተቆረጠ ጠፍር ነበር፣ ሁለት ዙር ታስሮ፣ የጥርስ ምልክት ያለበት። የሌሎቹንም አየች። ሁሉም እንደዚያው ነበር።

«ማነው ያሰረው?» አለች።

ሶድኖም ዳማውን ይዞ ቆሟል። የኮርቻውን መቀነት ያጠብቃል፤ መቀነቱ ግን ጠብቋል። ያንጅማ አባቷን አየችው። ይናገራል ብላ ጠበቀች። ሁለት መቶ አሥራ አራት ፈረስ ሲያልቅበት ያላለቀሰ ሰው አንዲት ቃል አያቅተውም፤ «እኔ ነኝ» ማለት ከባድ አይደለም። ሶድኖም መቀነቱን በአንድ ቀዳዳ ጨምሮ አጠበቀው።

«እኔ ነኝ» አለች ያንጅማ።

ያኔ ሶድኖም ቀና አለ። «ልጅ ናት እኮ፣ እትዬ። ትናንት ሲስቁባት እልክ ያዛት። በልጅ አይፍረዱ።»

ዳምባ አንገቱን ደፋ። ጸርማ ጠፍሩን በቢላዋ በጥሳ ኪሷ ከተተችው፤ በሌሎቹም ላይ የሱፍ ክር መለሰችላቸው።

ወደ ብርድ ሰፈሩ የገቡት ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። ጸርማ ያንጅማን ውኃ ቅጂ ብላ ጉድጓዱ ድረስ ወሰደቻት።

«ጥርስሽን አሳዪኝ» አለቻት።

«ምን?»

«ጠፍሩ ላይ ያለው ጥርስ ፊት ለፊቱ ወላቃ ነው። ያንቺ ሙሉ ነው። እኔ ደግሞ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ልጄ፤ ሰው ሲዋሽለት መቀነት የሚያጠብቅ ስንቱን አይቻለሁ።» ባልዲውን አስቀመጠች። «ግመሏንማ ያጣኋት እኔ ነኝ። አሁን የምፈልገው አንድ ቃል ነው። አባቴ ነው ያሰረው በዪ፣ አንቺ ትቀሪያለሽ፤ ጥጆቹም ያንቺ ናቸው። እሱ ይሄዳል። ሲሳሳት የማይናገር ሰው ጉድጓዴ አጠገብ እንዲያድር አልፈቅድም፤ ነገ በሰው ነፍስ ላይ ዝም ይላልና።»

ያንጅማ ጉድጓዱን አየች። ውኃው ሩቅ ነበር። አንድ ቃል ብቻ። አባቷ ከተማው ዳር ብቻውን የመጋዘን በር ላይ ቆሞ ታያት፤ ከነወላቃ ጥርሱ፣ ማንም ፈረሰኛ እንደ ነበር ሳያውቅለት። ተናደደችበት። ግን እሷ አሳልፋ ከሰጠችው ማን ይቀርለታል?

«እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ እማማ ጸርማ።»

«ኩራት ነው ወይስ ፍቅር?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ኩራት ከሆነ ይበርድልሻል» አለች ጸርማ፤ ባልዲውን ራሷ ቀዳች። «እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው። ሰባቱ ደህና አልገቡም። ነገ ሱፍ የጫነ መኪና ያልፋል።»

በማግስቱ ጠዋት ነጯን ለማረድ ሦስት ሰው ያዛት፤ በገመድ እንጂ በእጅ አልተቻለችም። ያንጅማ እንድትረዳ ማንም አልጠየቃት፤ እሷ ግን ሄዳ የኋላ እግሯን ገመድ ያዘች። ጸርማ ከድንኳኗ አልወጣችም። ዳማው ፈረስ በመኪናው ሒሳብ ምትክ ለዳምባ ቀረ። ዳምባ ሊሰናበታት መጣ።

«ብስክሌትህ እስካሁን አልጣለህም» አለችው ያንጅማ፤ ከዚያ ወደ መኪናው ወጣች።

ሾፌሩ ወሬ ወዳድ ነበር። በመጀመሪያው መቆሚያ፣ ከጉድጓድ ውኃ ሲቀዱ፣ ለምን ከጎቢ እንደሚመለሱ ጠየቃቸው። ሶድኖም ወደ ልጁ አላየም።

«ነገሩ ትንሽ ነው» አለ። «ግመል ነው። ልጅቱ አታውቅም፣ ቋጠሮው ጠበቀባት።»

በሁለተኛው መቆሚያ፣ የነዳጅ ማደያው ጎን ባለው ምግብ ቤት፣ ማንም ሳይጠይቀው ለባለቤቲቱ ነገራት። አሁን ታሪኩ ሥጋ ለብሷል፤ ልጅቷ ማለዳ ተነሥታ ጠፍር ስትቆርጥ አይቷታል፣ ተይ ብሏታል፣ እሱ ራሱ ሊፈታው ሲል ቅፍለቱ ተነሥቷል። ባለቤቲቱ ከንፈሯን መጥጣ፣ ያንጅማን በአዘኔታ አየቻት፤ ሾርባም ጨመረችላት። ያንጅማ ሾርባውን ሳትነካ ጎድጓዳ ሳህኑን ወደ አባቷ ገፋችለት። በላው።

በሦስተኛው መቆሚያ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ወርዶ፣ ጋቢናው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ከፊታቸው የከተማው ጢስ በአድማስ ላይ ተጋድሟል። ያንጅማ በልቧ፣ አሁን ይናገራል አለች፤ ለእኔ ብቻ፣ ማንም ሳይሰማ። አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጉልበቷን በቀስታ መታ መታ አደረገ።

«አትዘኚ፣ ልጄ» አላት። «ወጣት ነሽ። ብቻ ያን ዕለት ተይ ስልሽ ብትሰሚኝ ኖሮ።»

ዓይኑን አየችው፤ ውሸቱን ፈለገችበት። ዓይኑ ንጹሕ ነበር።

«አዎ፣ አባባ» አለችው፤ ከዚያ ወርዳ፣ ከኋላ፣ ከሱፉ ጆንያዎች ላይ ወጥታ ተቀመጠች።