ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር

ዘገየ ጭሮ ውስጥ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ፋይል ጠፋ ሲባል የሚጠራው እሱ ነው። የየትኛው ወረዳ ደብዳቤ በየትኛው መደርደሪያ፣ በስንተኛው ሣጥን እንዳለ ቁጭ ባለበት ይናገራል። የእጅ ጽሑፉም የተመሰገነ ስለሆነ፣ ከበደሳና ከገለምሶ የሚመጡ ባለጉዳዮች ማመልከቻቸውን እሱ ከጻፈላቸው ጉዳያቸው ቶሎ የሚያልቅ ይመስላቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ግን መዝገቡ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይገባል ተባለ። ኃላፊነቱም ዲግሪ ላለው ሰው ይሰጣል ተባለ። ዘገየ ያለው የድሮ ዲፕሎማ ነው። እናም በአምሳ አንድ ዓመቱ፣ ባለቤቱ እንቁ እየገፋፋችው፣ በዩኒቨርሲቲ የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ተመዘገበ። ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ የኮምፒውተር መግቢያ ነበር።

መምህሩ ሮቤል ገና ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን ስም ጠርቶ እንደጨረሰ፣ «ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ። አትፈሩ፣ የምንጀምረው ከእናንተ ነው» አለ።

አምስት እጅ ወጣ። የዘገየ እጅ ግን ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እጃቸውን ያወጡት ሁሉ የልጆቹ እኩዮች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር መቆጠር ሞት መሰለው።

«ጋሽ ዘገየ፣ እርስዎማ ቢሮ ውስጥ ይጠቀማሉ አይደል?» አለ ሮቤል።

«አልፎ አልፎ» አለ ዘገየ። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የነካው አቧራውን ሲጠርግ ብቻ ነበር።

የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ከተማሪው ስለሚያንሱ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀመጡ። ለዘገየ ሰባት ቁጥር ደረሰው። አብራው የተቀመጠችው ኢንሳፍ የምትባል የገለምሶ ልጅ ናት፤ አባቷ ጫት ይነግዳል፣ እሷ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ዘገየ ማውሱን እንደ ማኅተም ብድግ እያደረገ ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሳያነሱት ይግፉት፣ ጋሽ ዘገየ» አለችው። ይህን ብላ ፊቷን ወደ ሰሌዳው መለሰች፤ ሌላ ሰው እንዳያይበት መሆኑ ገባው። ደስ ሊለው ሲገባ ጆሮው ድረስ ነደደ።

ኮርሱ ላይ ትልቁ ሥራ አንድ ጽሑፍ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ስለ አካባቢው አሥራ ሁለት ገጽ፣ ከነሠንጠረዡና ከነግራፉ፣ ራሱ ተይቦ ማስረከብ አለበት። ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል ተብሎ ተከልክሏል፤ ኢንተርኔትም የለም። ስለዚህ ሁሉም ሥራውን የሚያስቀምጠው በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ባለ አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ኢንሳፍ ስለ ገለምሶ ቡና ትጽፍ ነበር። ገበሬዎችን ጠይቃ፣ የሰበሰበችውን በደብተር አስፍራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቶቿ እየሮጡ ትተይበዋለች። ዘገየ ተራው ሲደርስ አንዲት ፊደል ፍለጋ ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ያስሳል።

ላቦራቶሪውን የምትከፍተውና የምትዘጋው፣ ጠረጴዛውንም የምትወለውለው መይሙና የምትባል የአርባ ዓመት ሴት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት የሟች ባሏ የጡረታ ፋይል ጠፍቶባት ስትንከራተት፣ ዘገየ ሦስት ቀን ፈልጎ ከመደርደሪያ ሥር አውጥቶላት ነበር። አንድ ቅዳሜ ሁሉም ከወጣ በኋላ ብቻውን ተክዞ አየችው።

«ምን ሆንክ ጋሼ?» አለችው። በቤቷ የምትናገረው ኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛዋ ውስጥ አንቱታ ብዙም የለም፤ አክብሮቷ ድምጿ ላይ ነው ያለው።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

«እሮብ በምሳ ሰዓት ና። እከፍትልሃለሁ። አብሽር፣ ማንም አያይህም።»

መምህር በሌለበት ተማሪ ማስገባት ክልክል እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ቢሆንም ዘገየ ሦስት እሮብ ሄደ። አንዲት የዓመት ፈቃድ ማመልከቻ ለመጻፍ እየታገለ፣ የተበላሸውን ሁሉ ሳያውቅ ፎልደሩ ውስጥ አስቀመጠው። አንዱ ላይ ፊደሉ የጡብ ያህል ይተልቃል፤ ሌላው ላይ እያንዳንዱ ቃል ለየብቻው በአንድ መስመር ቆሟል።

ከሦስተኛው እሮብ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ኢንሳፍ የራሷን ስትፈልግ በስህተት ከእነዚያ አንዱን ከፈተች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ አንገቱን አስግጎ እየጮኸ አነበበው። «ለሰው! ኃይል! አስተ! ዳደር! ይሄን ዶሮ ናት የጫረችው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኢንሳፍ አልሳቀችም፤ ዘገየን አየችው።

«የማን እንደሆነ እንጃ» አለ ዘገየ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «እሑድ እዚህ የሚሠሩት ልጆች ይሆናል።»

ያን ሳምንት ሳቁ ከጆሮው አልወጣም። ፋይል ሲያወጣ ይሰማዋል፤ እራት ላይ ይሰማዋል። እንቁ ለጎረቤት «የኛ ሰውዬ ኮምፒውተር እየተማረ ነው» ብላ ስታወራ በሰማ ጊዜማ ተነስቶ ጓዳ ገባ። እሮብ እንደ ደረሰ መይሙናን አስከፍቶ ገባ፤ ያን ቀን የሄደው ግን ሊለማመድ አልነበረም። የጫረውን ሁሉ ጠራርጎ ሊያጠፋ ነው። ሮቤል ያስተማራቸውን በደብተሩ ጽፎ ይዟል፦ ሁሉን ለመምረጥ ኮንትሮልና ኤ፤ የተጣለ ፋይል የሚቆይበት ቅርጫት ውስጥ እንኳ ሳይቀር ጨርሶ ለማጥፋት ሺፍትና ዴሊት። «ሁሉን» የሚለውን የእኔን ሁሉ ማለት ነው ብሎ ነው የተረዳው። ተጫነ። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀው። እሺ አለው።

ፎልደሩ ነጭ ሆነ። የኢንሳፍ ቡናም፣ እሑድ በዚያው ኮምፒውተር የሚሠሩት የሁለት ልጆች ጽሑፍም የለም። ዘገየ ትንሽ ጠበቀ፤ የሚመለስ መስሎት። ፎልደሩን ዘግቶ ከፈተው፤ ያው ነጭ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ወጣ።

«ዛሬ ቶሎ ጨረስክ?» አለች መይሙና።

«ሥራ አለብኝ» አላት፤ ፊቷን ሳያይ።

ቅዳሜ ጠዋት ኢንሳፍ ፎልደሩን ከፍታ ዘጋችው። ደግማ ከፈተችው። ከዚያ «መምህር» ስትል ድምጿ ተሰበረ። ሮቤል መጣ፣ ቅርጫቱን አየ፣ ሌላ ሌላ ቦታ ፈለገ፤ የለም። መይሙናን አስጠራት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ወሬውን ሰምቶ መጣ።

«ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። በሳምንቱ መካከል ማን ገባ?» አለ ኃላፊው።

መይሙና ከበሩ አጠገብ፣ መወልወያው በእጇ እንዳለ ቆማለች። ዘገየን አላየችውም። «ማንም አልገባም» አለች።

ዘገየ አሁን ልናገር አለ በሆዱ። አሁን። ዓይኑን ግን ከኪቦርዱ ላይ ማንሳት አልቻለም። ኃላፊው መይሙናን ይዟት ወጣ።

ሮቤል ወደ ኢንሳፍ ዞረ። «ውጤት የማስገባው በሚመጣው ቅዳሜ ነው። ከዚያ ማሳለፍ አልችልም። ዛሬና ነገ ብትተይቢው ይደርስልሻል። የእሑዶቹን ሁለት ልጆች ነገ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።»

«ነገ የእህቴ ሰርግ ነው» አለች ኢንሳፍ። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ደብተሯን ገለጠች።

ያን ቀንና በማግስቱ እሑድ ዘገየ ከአጠገቧ አልተነሳም። ደብተሯን ይዞ ያነብላታል፣ እሷ ትተይባለች። እሑድ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ስልኳ ጠራ፤ ከወዲያ በኩል የሴቶች እልልታና ዘፈን ይሰማል። «መምጣት አልቻልኩም፣ አቦ ተይኝ» ብላ በኦሮምኛ ተናግራ ዘጋችው። ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይቀጥሉ» አለችው ከዚያ። ቀጠለ። አመሻሹ ላይ የመጨረሻውን ሠንጠረዥ ስትጨርስ፣ «እርስዎ ባይኖሩ አልጨርሰውም ነበር። አላህ ይስጥልኝ» አለችው። ዘገየ እቤቱ ገብቶ ራሴን አሞኛል ብሎ ተኛ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ላቦራቶሪውን የከፈተው የማያውቁት ሰው ነበር። መይሙና ማስጠንቀቂያ ተጽፎባት ወደ ማደሪያ ሕንፃ ጽዳት ተዛውራለች ተባለ። ዘገየ በዕረፍት ሰዓት ሄዶ ደረጃ ስትወለውል አገኛት።

«መይሙና፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች፤ መወለወሏን ሳታቆም። «ሌላ ማን ገባና?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ብናገር ሁለታችንም ነን። ደግሞ...» ቀና አለች። «አንተ ትናገራለህ ብዬ ነበር። ወላሂ፣ እዚያ ቆሜ ስጠብቅህ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብለህ አላየኸኝም፣ ጋሼ። እንደማታውቀኝ ነው የሆንከው። ደረጃው ምንም አይለኝም፤ እሱ ነው ያመመኝ።»

ዘገየ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ ወጣ፣ ግን ለራሱም ቀለለበት። እሷ ባልዲዋን አንስታ ወደ ላይኛው ደረጃ ወጣች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሮቤል ቢሮ ሄደ። ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገረው፤ በመጀመሪያው ቀን እጁን አለማውጣቱን ሳይቀር። ሮቤል እስኪጨርስ አላቋረጠውም።

«ካጠፉት በኋላ ያን ቅዳሜ ለምን አልነገሩኝም?»

«አፈርኩ።»

ሮቤል ወንበር አቀረበለት። «ጋሽ ዘገየ፣ ልደብቅዎት አልፈልግም። ፋይል እንዲያ ሲጠፋ ወዲያው አይሞትም። በላዩ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የሚመልስ ፕሮግራም አለኝ። ጨርሶ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭነው እንደሆነ ያን ቀን ባውቅ ኖሮ፣ ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካው አድርጌ በግማሽ ሰዓት እሞክረው ነበር። እኔ ሰው ሰርቆ ወስዶታል ብዬ ነው ያሰብኩት። አሁን ስንት ሰው ጽፎበታል።»

«ግማሽ ሰዓት» አለ ዘገየ።

«ምናልባት ትንሽ ቢበልጥ ነው።»

ዘገየ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ያን ጊዜ ነው። እልልታው በስልኩ ውስጥ ሲሰማ፣ እሱ ደብተሩን ይዞ የቡና ዛፍ ቁጥር እያነበበ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ፊት ቆመ። ረጅም ንግግር አልተናገረም። «የኢንሳፍንና የሁለቱን ልጆች ሥራ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የራሴን ላጠፋ ስል ነው። ያ ዶሮ ጫረችው የተባለው የኔ ነው። መይሙና ያስገባችኝ ለምኛት ነው፤ የተቀጣችው በኔ ዝምታ ነው» አለ። ለምኛት የሚለው እውነት አልነበረም፤ ይህችን ያህል ግን ሊሸከምላት ፈለገ። የሳቀ የለም። ያ ከኋላ ሆኖ ያነበበው ልጅ አቀርቅሮ ጥፍሩን ይነክሳል።

ኢንሳፍ ዘገየን ትክ ብላ አየችው። «ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው?» አለች። «እያነበቡልኝ?»

«አዎ።»

ቦርሳዋንና ደብተሯን ሰብስባ ወደ ሦስት ቁጥር ኮምፒውተር ሄደች። ዘገየ ያን ቀን ሰባት ቁጥር ላይ ብቻውን ተቀመጠ።

ሰኞ ሮቤልና እሱ አብረው ኃላፊው ዘንድ ቀረቡ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። መይሙና ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰች። ማስጠንቀቂያው ግን አልተነሳም፤ ሰው አስገብታ ማንም አልገባም ብላለችና ፋይሏ ውስጥ ይቀመጣል ተባለ። ዘገየ አንድ ወረቀት ፋይል ውስጥ ከገባ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚኖርና ማን ማን እያወጣ እንደሚያየው ከማንም በላይ ያውቃል። ለመከራከር ሞከረ፤ አልተሰማም። እሱም በተግባር ሥራው ዜሮ ተሰጠውና ኮርሱን እንደገና እንዲወስድ ተወሰነበት። ይህን ለእንቁ ሲነግራት ብዙ አልወቀሰችውም። «መጀመሪያ ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብቻ አለችው።

ውጤት በተለጠፈ ዕለት ዘገየ መናኸሪያው አጠገብ ሲያልፍ ኢንሳፍን አያት። የገለምሶ ሚኒባስ እስኪሞላ በጥላ ሥር ቆማለች። አይታው ፊቷን የምታዞር መስሎት እርምጃውን አፈጠነ።

«ጋሽ ዘገየ» አለችው። ቆመ። «ኤ አገኘሁ።»

«ይገባሻል። በእውነት ይገባሻል።»

«የእህቴን የሰርግ ፎቶ ላኩልኝ። ሁሉም አሉ።» ስልኳን አላሳየችውም። ረዳቱ ገለምሶ፣ ገለምሶ እያለ ይጣራል። «ይቅር ብያለሁ ብልዎ ውሸት ነው። ገና ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ዘገየ። ዓይኑ ወደ መሬት ሊሄድ ሲል መለሰውና ፊት ለፊት አያት።

«መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን አይሽሹ» አለችና ወደ ሚኒባሱ ገባች። ዘገየ በሩ እስኪዘጋ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም፤ ከዚያ በባጃጆቹ መካከል እየተሽለኮለከ በእግሩ ወደ ቢሮው ሄደ።