ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ትርንጎ አባተ ስምንት ወር ሙሉ ለአቶ ኃይለሚካኤል ፈገግ ስትል ኖረች። ጠዋት ከቦንጋ በሠራተኛ መኪና ስትመጣ «እንደምን አደሩ» ትለዋለች፣ ማታ ስትመለስ «ደህና ይደሩ» ትለዋለች፣ በመሃል የሚያዛትን ሁሉ እሺ ትላለች። እሱም ልጅቷ ነገሩን የረሳችው መሰለው። ሰውየው ብዙ ነገር ያውቃል፤ የማንኪራ መንደር ልጅ ቂም ስትይዝ እንዴት አድርጋ እንደምትይዝ ግን ማንም አልነገረውም።

ሥራዋ ሬዲዮ ነው። የምትሠራበት የቱሪዝም ኩባንያ ከማንኪራ በላይ ባለው ጉብታ ላይ፣ ለሀብታም እንግዶቹ ብሎ የሄሊኮፕተር ማረፊያ ሠርቷል፤ ትርንጎ ደግሞ አዲስ አበባ ሠልጥና የተመለሰች የበረራ መረጃ ሠራተኛ ናት። በማረፊያው ዙሪያ ሁለት ኪሎ ሜትር ያለው ሰማይ ቁጥጥር የሚደረግበት የአየር ክልል ነው፤ እሷ በሬዲዮ ካልፈቀደች ማንም አይገባበትም፣ አይወጣበትም። ሄሊኮፕተሩ የሚመጣው ወንዙን ተከትሎ ነው። ከዚያ መስመር ወጥቶ በደኑ ላይ ዝቅ ማለት ክልክል ነው፤ የማንኪራ ሰው ቀፎውን የሚሰቅለው ቀረሮ የሚባለው ረጅም ዛፍ አናት ላይ ወጥቶ ነውና፣ የሄሊኮፕተር ነፋስ ያንን አናት ሲያናውጠው የሚሆነውን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ይህን ደንብ ፈርሞ የተቀበለው ራሱ ኃይለሚካኤል ነበር፣ የኦፕሬሽን ኃላፊው።

የካቲት አሥራ ሁለት ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፓይለቱ ከመስመሩ ወጥቶ እስከ ዛፎቹ አናት ዝቅ እንዲል ፈቃድ ጠየቀ። አጠገቡ ቀያሽ ተቀምጧል፤ በዙሪያው ያሉትን ረጃጅም ዛፎች ሊቆጥር ነው። ትርንጎ አይቻልም ልትል ነበር። ኃይለሚካኤል ከኋላዋ ቆሞ ይቁጠር፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው አላት። ፈቀደች። ሰዓቱንና ከፍታውን በበረራ መዝገቡ ላይ ጻፈች።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጥበቃው እየሮጠ መጣ። ሄሊኮፕተሩ በላዩ ሲያልፍ ቀፎ ይሰቅል የነበረ ገበሬ ከዛፍ ወድቆ ሞተ አለ። ማን እንደሆነ አላወቀም። ኃይለሚካኤል ጥበቃውን አሰናብቶ የሬዲዮ ክፍሉን በር ዘጋ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እዚህ አገር ሰው ከዛፍ መውደቁ አዲስ እንዳልሆነ፣ ያ ገጽ ግን ሁለቱንም እንደሚያስጠይቅ፣ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጉም ስለነበር ምንም እንዳልበረረ ነገራት። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ትርንጎ ገጹን ቀድዳ ሰጠችው። ፈርታ ነው፤ ለሥራዋ ፈርታ፣ ፈቃዱ ከገዛ አፏ የወጣ መሆኑን ፈርታ። ሟቹ አባቷ አቶ አባተ መሆናቸውን የሰማችው ከቀትር በኋላ ነው።

ቀብሩ ላይ ኃይለሚካኤል ጥቁር ለብሶ መጣ። የእናቷን የእትዬ ተሾመችን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አጽናና፤ ያን ቀን በጉም ምክንያት በረራ እንዳልነበረ ለሽማግሌዎቹ በትሕትና አስረዳ። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸው የሰማውን ያውቃሉ፤ ግን ወረቀት የሌለው ሰው ቢሮ ሄዶ ምን ይላል? ሊሄድ ሲል ትርንጎን ወደ ጎን ጠራት።

«ትርንጎዬ፣ እኔና አንቺ በአንድ ገመድ የታሰርን ነን» አላት። «እኔ ከሄድኩ ብቻዬን አልሄድም።»

እንባዋ ያን ጊዜ ደረቀ። ወዲያው ብትናገር ምን እንደሚሆን አሰበችበት፤ ገጹ የለም፣ ፓይለቱ በዚያው ቀን አገር ጥሎ ሄዷል፣ ፈቃዱን የሰጠችው እሷ ናት። እሷ እስር ቤት ትገባለች፣ እሱ ከረባቱን አስተካክሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እሷ መውደቋ አልገደዳትም፤ እሱ ቆሞ መቅረቱ ነው ያንገበገባት። ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። እሱ ደግሞ ዝምታዋን ወደደው፤ ደረጃዋን አሳደገ፣ ስለ ጤናዋ ይጠይቃት ጀመር። አንዳንድ ጠዋት ቢሮው ስትገባ ዳቦ ላይ ማር ሲያፈስ ታገኘዋለች። የማንኪራን ማር የሚያክል የለም ይላታል፣ ጣቱን እየላሰ። ደግነቱ ከክፋቱ ይልቅ ያቃጥላት ነበር።

በጥቅምት ወር ኩባንያው የአየር ክልሉ ከሁለት ወደ አምስት ኪሎ ሜትር እንዲሰፋ ጠየቀ። ከተፈቀደ በዚያ ክብ ውስጥ ከሠላሳ ሜትር በላይ በሆነ ዛፍ ላይ ያለ ማረፊያው ፈቃድ ቀፎ መስቀል አይቻልም። ማንኪራ ሙሉ በሙሉ በኃይለሚካኤል እጅ ሊገባ ነው ማለት ነው። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዝ የዛፎች ዝርዝር ነበር፤ እያንዳንዱ ረጅም ዛፍ፣ ያለበት ቦታ፣ ቁመቱ፣ አናቱ ላይ ያለው ነገር። ጸሐፊዋ ወልዳ ተኝታ ስለነበር የቀያሹን የእጅ ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር መገልበጡ በትርንጎ ላይ ወደቀ።

ኃይለሚካኤል ቀኑን ለውጦታል። ቆጠራው የተካሄደው ጥር ሃያ ነው ይላል፣ ሄሊኮፕተሩ በሕጋዊ ከፍታ ላይ እያለ። ትርንጎ ይህን ስታነብ አልገረማትም። ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። «ቀረሮ፣ ከምንጩ በላይ፣ አርባ አንድ ሜትር፣ አናቱ ላይ አዲስ ቀፎ አንድ።»

ማንኪራ ውስጥ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው፤ የማን ዛፍ መቼ እንደተሰቀለበት ልጅ አዋቂው ያውቃል። ከምንጩ በላይ ያለው ቀረሮ የአያቷ ነበር። አያቷ ከሞቱ ወዲህ ሰባት ዓመት ማንም አልወጣበትም። አባቷ የካቲት አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት አዲስ ቀፎ ይዘው ወጡበት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰውየውም ቀፎውም መሬት ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያንን ዛፍ የነካው የለም። በሰባት ዓመት ውስጥ እዚያ አናት ላይ ቀፎ የነበረው ለዚያች ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከላይ ሆኖ ያየውም በዚያች ሰዓት በዚያ ያለፈ ብቻ ነው። ኃይለሚካኤል ቀኑን ሲለውጥ ቀፎውን ተወው። ለእሱ ቀፎ ሁሉ ያው ቀፎ ነዋ።

ትርንጎ በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ደስ አላት። አንዲት ነጥብ ሳታስቀር ገለበጠችው። አትማ አቀረበችለት፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ «አረጋግጫለሁ» ከሚለው ሥር መፈረም እንዳለበትም አስታወሰችው። እሱ ስልክ እያወራ ሳያነብ ፈረመ፣ ስለ ትጋቷም አመሰገናት።

ስብሰባው በማንኪራ ቀበሌ አዳራሽ ተደረገ። ከአዲስ አበባ የመጡት የመንግሥት የበረራ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ናዝራዊት ሕዝቡን ሳያማክሩ ክልሉን አላሰፋም ብለው ነበርና አዳራሹ ጢም ብሏል። እትዬ ተሾመች ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኃይለሚካኤል ስለ ደኅንነት፣ ስለ ቱሪዝም፣ ስለ ልማት አማረ አድርጎ ተናገረ። ሲጨርስ ትርንጎ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ፣ ከዝርዝሩ ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ይነበብልን።»

ወይዘሮ ናዝራዊት አነበቡት፣ ቀኑንም ጨምረው። ከዚያ አቶ ገሠሠ፣ የአባቷ የቀፎ ጓደኛ፣ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ያ ዛፍ የአባተ ነው» አሉ። «ሰባት ዓመት ቀፎ የለበትም። የካቲት ላይ አባተ ሰቀለ፣ እኔ ታች ገመድ ይዤያለሁ። ገና አልወረደም፣ ሄሊኮፕተር መጣ። ቀፎውም ከእሱ ጋር ወደቀ። ጥር ላይ ቀፎ ያየ ሰው ማነው?»

ኃይለሚካኤል ሳቅ ብሎ ቀያሹ ተሳስቶ ይሆናል አለ። ወይዘሮ ናዝራዊት ፊርማውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ እርስዎ አረጋግጫለሁ ያሉት ነው አሉት። የየካቲትን የበረራ መዝገብ አስመጡ። ገጾቹ ቁጥር አላቸው፤ ሰማንያ ስምንት፣ ከዚያ ዘጠና። መዝገቡን የምትይዘው ማን እንደሆነች ጠየቁ። ኃይለሚካኤል ወደ ትርንጎ ዞሮ አያት፤ ፊቱ ላይ ምንም ጭንቀት አልነበረም። በራሷ ላይ ትመሰክራለች ብሎ አልጠረጠረም።

«የምይዘው እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ ብድግ ብላ። «ገጹንም የቀደድኩት እኔ ነኝ። ሰው ሞቷል ሲባል እሱ ቅደጂ አለኝ፣ ቀድጄ ሰጠሁት። በረራውንም በሬዲዮ የፈቀድኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ከኋላዬ ቆሞ ሲያዘኝ።»

«አብደሻል እንዴ?» አለ ኃይለሚካኤል። «አንቺም እኮ ትታሰሪያለሽ።»

«አብረን ነው የታሰርነው ብለኸኝ የለም?» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

ፊቱ አመድ መሰለ። ውኃ አንሥቶ ሲጠጣ ከረባቱ ላይ አፈሰሰው። ወይዘሮ ናዝራዊት ማረፊያው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መዘጋቱን፣ መዝገቡና ዝርዝሩ ለፖሊስ እንደሚተላለፉ፣ ሁለቱም ከቦንጋ መውጣት እንደማይችሉ አስታወቁ። ትርንጎ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም። ስምንት ወር ማር የላሰበት ጣት እርጥቡን ከረባት ሲጠርግ አየች፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ምንም አላዘነችለትም።

ስትወጣ እናቷ በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ልታቅፋቸው ቀረበች። እትዬ ተሾመች እጃቸውን ደረቷ ላይ አድርገው አቆሟት።

«ገጹን ስትቀድጂው ሰው መሞቱን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማዬ።»

«አባትሽ መሆኑን ግን አታውቂም።»

«አላውቅም።»

እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአዳራሹ ይወጣ የነበረውን ሰው ሁሉ፣ አቶ ገሠሠን፣ ሌሎቹንም ቀፎ ሰቃዮች አንድ በአንድ አዩ።

«እሺ ልጄ» አሉ። «ከእነዚህ አንዱ ሞቶ ቢሆን ኖሮስ፣ ዛሬ ትናገሪ ነበር?»

ትርንጎ ለፖሊስ የምትሰጠውን መልስ ተዘጋጅታበታለች፣ ለዳኛ የምትሰጠውንም እንዲሁ። ይህን ጥያቄ ግን ለራሷም ጠይቃው አታውቅም። እናቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ከሰዎቹ ጋር ወደ መንደሩ ቁልቁል ወረዱ።