የተፈታው ማሰሪያ

ፈትሂያ ስትደውል ጁምአ ሊደርስ ነበር። ልጄ ኮምቦልቻ አንድ ብረታ ብረት ቤት ትሠራለች፤ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት በኮምፒዩተር ንድፉን የምታወጣው እሷ ናት። በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም።

«አባ፣ የመስጊዱ ታንከር ውሃ ገብቶበታል?» አለች።

ዛሬ ጠዋት መሙላት እንደጀመሩ ነገርኋት።

ከዚያ የነገረችኝ እንደገባኝ ይህ ነው። ንድፉ ውስጥ መስመሮቹ እርስ በርስ የታሰሩ ናቸው። ይህ እግር ከዚያ እግር እኩል ይሁን፣ ይህ ሰያፍ ብረት እግሩን ይንካ ተብለው ይታዘዛሉ። አንዱን ስታስረዝም ሌሎቹ ትእዛዛቸውን ጠብቀው ይከተላሉ። ትእዛዞቹ ከተጣሉ ኮምፒዩተሩ ንድፉን ቀይ አድርጎ እምቢ ይላል። ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈራችን ተዳፋት ነው፤ የመስጊዱን ታንከር ከሚሸከሙት እግሮች በቁልቁለቱ በኩል ያሉት መርዘም ነበረባቸው። አስረዘመቻቸው፤ ንድፉ ቀላ። የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት ወንድምአገኘሁ በሩ ላይ ቆሞ ያጣድፋት ነበር።

«ቀዩ እስኪጠፋ ማሰሪያ ፈታሁ» አለች። «የፈታሁት የእግሮቹን እኩልነት ብቻ መስሎኝ ነበር። አሁን ለደጋን ከተማ ሌላ የታንከር እግር ላወጣ ብዬ ስከፍተው፣ እግሩ ሲሄድ ሰያፉ ቀረ። አልያዘውም፣ አባ። ብረቱን የቆረጡት በዚያው ንድፍ ነው።»

በዚያ ቤት ብረት አጥሮ ሳይደርስ ሲቀር በያጆቹ ንድፍ አውጪዋን አይጠይቁም። ቁራጭ ያስገባሉ፣ ይበይዳሉ፣ ቀለም ይቀባሉ።

ወጣሁ። መስጊዱ ከቤቴ ጎን ነው። ሰዎች ከታንከሩ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ለሶላት እየታጠቡ ዉዱእ ያደርጋሉ። ፓምፑ ይጮሃል። በቁልቁለቱ በኩል ያለውን ሰያፍ አየሁት። ጫፉ ላይ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ተበይዳለች። ቀለሟ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። እያየሁት ረዘመ።

ለመስጊዱ ጠባቂ ለበሽር ፓምፑን እንዲያጠፋ፣ ለተቀመጡትም እንዲነሱ ነገርኋቸው።

«ጁምአ ሊገባ ነው፤ በምን ዉዱእ ያድርጉ? በምራቅ?» አለኝ።

ድንጋዩ ላይ ያሉት ሳቁ። አንድም አልተነሳ።

ምክንያቱን ሳልናገር እንደማይነሱ ገባኝ። ብናገር ደግሞ በሰፈሩ የልጄ ስም ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

«ንድፉን ያወጣችው ልጄ ናት» አልሁ። «ተሳስታለች። ተነሱ።»

ሳቁ ቆመ። እግራቸው እንደረጠበ ተነሱ። በሽር ፓምፑን አጠፋ፤ ውሃው እንዲወጣ የታችኛውን ቧንቧ ከፈተ። ኢማሙ የጁምአውን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ ጀመሩ። ማንም እንዳይጠጋ እኔ ደጅ ቀረሁ። ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል። ድንገት ቁራጯ ጧ ብላ ተነቀለች። እግሩ ታጠፈ። ታንከሩ ዘመመና ግንቡን ተደግፎ ቀረ።

ፈትሂያ ከኮምቦልቻ ስትደርስ ሶላቱ አላለቀም።

«ከሥሩ ማንም አልነበረም» አልኋት።

አላመነችኝም፤ ጎንበስ ብላ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«የቢስቲማ ከተማውን ታንከር ንድፍ የቀዳሁት ከዚሁ ላይ ነው» አለች። «መንገድ ላይ ትዝ ብሎኝ ስደውል መጣሁ፤ አያነሱም።»

ታንከሩ እዚያ የት እንደቆመ ጠየቅኋት።

«መስጊድ ግቢ ነው፣ አባ። ከሴቶቹ መስገጃ ጎን።»

ስልኩ ይጠራል። ቢስቲማም ጁምአ ነው፤ የሚያነሳ የለም። እንደገና ደወለች።